ፋራዴይና የነጣችው ወርቅ

ልጅ ሳለሁ እቤታችን የነበረ አንድ የትኩሳት መለኪያ ወድቆ ተሰበረ። እኔና ታናሽ ወንድሜ የፈሰሰውን ብርማ ነገር ሰሃን ላይ ሰብስበን ግማሽ ቀን ተጫወትንበት። በጣት ሲነኩት ፍንጥርጥር ይላል፤ ሰሃኑን ዘንበል ሲያደርጉት ደግሞ ተመልሶ አንድ ይሆናል። እጅ አያረጥብም። ማታ እናቴ ስታየው ተቆጣችና የቀረውን ጠርጋ ደፋችው። አልጋ ሥር የተንከባለለው ግን እዚያው ቀረ፤ የፈለገውም የለም።

ያ ነገር ሜርኩሪ ነው። የድሮ ሰዎች ባዜቃ ይሉታል። አልጋ ሥር የቀረው ምን ሆነ ብዬ ራሴን የጠየቅኩት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስለ ማይክል ፋራዴይ ሳነብ ነው።

ፋራዴይን ታውቁታላችሁ። ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉ ሕጉን ለፈተና ሸምድዷል። ስልካችሁን ቻርጅ የምታደርጉበት መብራት ከጊቤም ይምጣ ከህዳሴ ግድብ፣ ጄኔሬተሩ የሚሽከረከረው እሱ ባገኘው ነገር ነው። ዛሬ የማወራላችሁ ግን ስለዚያ አይደለም። ፋራዴይ ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ስለተዋት አንዲት ጠርሙስ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሰውየው የተወለደው ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 በዛሬዋ ለንደን ውስጥ፣ ከድሃ ቤተሰብ ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ያውም ጤና የራቀው። ልጁ ከማንበብና ከመጻፍ፣ ከትንሽ ሒሳብ ያለፈ ትምህርት አላገኘም። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ፤ ሰባት ዓመት ጠረዘ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ ሊጠርዝ የመጣለትን መጽሐፍ ሳያነብ አይመልስም። ስለ ኤሌክትሪክ ያነበበው ለጥረዛ በመጣ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ነው። ኬሚስትሪን ያስጀመረው ደግሞ ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ለጀማሪዎች የጻፈችው መጽሐፍ ነው።

በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ የሃምፍሪ ዴቪን ንግግር የሚያዳምጥበት ትኬት ሰጠው። ዴቪ ያኔ የለንደን ዝነኛ ኬሚስት ነው፤ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ሲናገር አዳራሹ ይሞላል። ፋራዴይ አራቱን ንግግሮች ተከታተለ፣ የሰማውን በንጹህ ጽሑፍ ገለበጠ፣ ሥዕል ጨመረበት፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። ወደ ሦስት መቶ ገጽ ይሆናል። ሲቪ መላክ ድሮም ነበር ማለት ነው። ዴቪ ወዲያው ሥራ አልሰጠውም። ቆይቶ ግን የላቦራቶሪው ረዳት ከሰው ተደባድቦ ሲባረር፣ በማርች 1813 ፋራዴይ ተጠራ። ደመወዝ ተቆረጠለት፤ ጣሪያው ሥር ሁለት ክፍል፣ ማገዶና ሻማም ተሰጠው። ከዚያ ቤት ከአርባ ዓመት በላይ አልወጣም። ከዴቪ ጋር አውሮፓን ሲዞር የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ታየው ነበር፤ ይህን አልፈዋለሁ።

የዚያን ዘመን ላቦራቶሪ ያለ ሜርኩሪ አይታሰብም። ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ጋዝ በውኃ ላይ አይጠራቀምም፤ ስለዚህ በሜርኩሪ ገንዳ ላይ ነው የሚሰበሰበው። የአየር ግፊት መለኪያው ሜርኩሪ፣ የሙቀት መለኪያው ሜርኩሪ። ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦ ማገናኘት ሲያስፈልግ ጫፋቸው ሜርኩሪ የሞላበት ሲኒ ውስጥ ይነከራል። ፋራዴይ የሚሠራው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ የፈሰሰው፣ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ምን ያህል እንደሆነ የሚቆጥር አልነበረም።

ታዲያ በ1821 ገደማ አንድ ቀላል ነገር ሞከረ። ንጹህና ደረቅ ጠርሙስ ወሰደ። በማፍሰሻ አድርጎ ጥቂት ሜርኩሪ ታችኛው ወለል ላይ አፈሰሰ፤ ግድግዳውን እንዳይነካ ተጠነቀቀ። ከጠርሙሱ ውታፍ ሥር ደግሞ ትንሽ ስስ የወርቅ ቅጠል ለጠፈ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳውን ማለቴ ነው። ዘጋው። ወርቁ ከላይ፣ ሜርኩሪው ከታች፣ መሃል ላይ አየር ብቻ። ጠርሙሷን ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጦ ወደ ሌላ ሥራው ሄደ።

ከስድስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ከቆየች በኋላ አውጥቶ አያት። ሜርኩሪው እንዳለ ነው፤ የቀነሰ አይመስልም። ጠርሙሱም አልተለወጠም። ወርቁ ግን ነጥቷል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሜርኩሪ ወርቅ ካገኘ ይጣበቃል፤ ሁለቱ ተዋህደው ነጭ ቅይጥ ይሆናሉ። ታች ያለው ፈሳሽ ወርቁን ሳይነካ ወርቁ ከነጣ፣ ሜርኩሪው በአየሩ ውስጥ ወጥቶ ነው ማለት ነው። ማንም ሳያሞቀው፣ ሳይፈላ፣ ሳይሸት፣ ሳይታይ። ፋራዴይ ደጋግሞ ሞከረው፤ ሁልጊዜም ያው ሆነ። ሜርኩሪ ሲሞቅ እንደሚተን ቀድሞም ይታወቅ ነበር። እዚህ ግን ማንም ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ሙቀት፣ ያውም ቀዝቀዝ ባለ ጥግ፣ ዝም ብሎ እየተነነ ነው። የወንድሜንና የእኔን አልጋ ያስታወስኩት እዚህ ጋ ነው።

ዛሬ በቁጥር እናውቀዋለን። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በተዘጋ ቦታ ያለ ሜርኩሪ አየሩን እስኪያጠግበው ድረስ ቢተን፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 13 ሚሊ ግራም ገደማ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመት አማካይ ያስቀመጠው መመሪያ 1 ማይክሮ ግራም ነው። አሥራ ሦስት ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። እቤታችሁ የሜርኩሪ መለኪያ ከተሰበረ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አስወጡ፣ በመጥረጊያም በቫኪዩምም አትበትኑት፤ ጠብታዎቹን በጠንካራ ወረቀት ሰብስባችሁ የሚከደን ዕቃ ውስጥ ክተቱት። እናቴ ይህን የሚነግራት አልነበረም።

ያው 1821 ለፋራዴይ ትልቅ ዓመት ሆነ። በጁን ሣራ ባርናርድን አገባ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ደግሞ ሜርኩሪ በሞላበት ዕቃ መሃል ማግኔት አቁሞ፣ ከላይ የተንጠለጠለ ሽቦ ጫፉ ሜርኩሪው ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ኤሌክትሪክ ሲለቅበት ሽቦው ማግኔቱን መዞር ጀመረ። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ ነው ማለት ይቻላል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም አብሮት ነበር፤ ጠረጴዛውን እየዞሩ ጨፈሩ ይባላል። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሐሳቡን ከሌላ ሳይንቲስት ሰርቋል የሚል ወሬ ተነሣበት፤ በኋላም የሮያል ሶሳይቲ አባል ሊሆን ሲታጭ የተቃወመው ያው ያሳደገው ዴቪ ነው። በ1824 አባል ሆነ ለማንኛውም።

አሁን ወደ ጠርሙሷ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ፋራዴይ የተሳሳተው በእሷ ላይ ነው። ይህን የሚያነሣ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ጥቂት ነው፤ ለእኔ ግን የሰውየው ነገር ደስ የሚለኝ እዚህ ጋ ነው።

በ1826 ስለ ትነት ወሰን አንድ ጽሑፍ አሳተመ። በሞቃቱ ወራት ወርቁን የሚያነጣው ሜርኩሪ፣ የለንደን ብርድ ሲመጣ ምንም ምልክት አላሳየውም። ከዚያ ተነሥቶ እያንዳንዱ ነገር መትነኑን ፈጽሞ የሚያቆምበት የሙቀት ወሰን አለ አለ። ከዚያ በታች የመሬት ስበትና የነገሩ የራሱ መያያዝ ያሸንፉታል፤ አይነሣም። አየራችን በብረትና በድንጋይ ተን ያልተሞላው ለዚህ ነው ብሎም አሰበ። አስተሳሰቡ የሰነፍ አይደለም። የወርቅ ቅጠሉ ያን ያህል ስስ ስሜት አልነበረውም እንጂ ሜርኩሪው በብርዱም ይተን ነበር፤ ጠጣር ሆኖ ከረጋ በኋላም ትንሽ ትንሽ ይተናል። መጠኑ ይቀንሳል እንጂ የሚቆምበት መስመር የለም።

መስመሩ አለመኖሩ ለእኛ ምን ማለት ነው? ከምድር የተነሣው ሜርኩሪ እንደ አቧራ ቶሎ አይወርድም። አየር ላይ ካለው ሜርኩሪ አብዛኛው ያው ንጥረ ነገሩ ራሱ፣ በጋዝ መልክ ነው። ውኃ ውስጥ ስለማይሟሟ ዝናብ አያጥበውም። ወራትን፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይንሳፈፋል፤ እስያ የተነሣው አሜሪካ ይደርሳል። በሰሜኑ የምድር ክፍል በአንድ ሜትር ኩብ ንጹህ አየር ውስጥ 1.5 ናኖ ግራም ያህል አለ። ናኖ ግራም ማለት የግራም ቢሊዮንኛ ነው። ወረቀት ላይ ሳሰላው፣ አንድ ግራም ሜርኩሪ ብቻ 670 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አየርን በዚህ መጠን ያዳርሳል።

የሚያወርደው ኬሚስትሪ ነው። ዋናው ተዋናይ ብሮሚን ነው፤ ከባሕር ጨው የሚመጣ። የፀሐይ ብርሃን የብሮሚን አተም ነጻ ያወጣል፣ አተሙ ሜርኩሪውን ይይዘዋል፣ ሌሎች ጋዞች ተጨምረው ሜርኩሪው ኤሌክትሮኖቹን ያጣል። ከዚህ በኋላ ጠባዩ ተለወጠ፤ ውኃ ይወዳል፣ ብናኝ ላይ ይጣበቃል፣ ከዝናብና ከበረዶ ጋር ይወርዳል። ሐይቅና ረግረግ ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ ያደርጉታል። ክፉው እሱ ነው። ትንሹ ዓሣ ይበላዋል፣ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይበላል፣ ሰው ትልቁን። በየደረጃው እየተከማቸ ይሄዳል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደግሞ ገና በማሕፀን ያለ ሕፃን አንጎል ነው።

በ1995 የጸደይ ወራት በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ አለርት በሚባል ጣቢያ ያሉ ተመራማሪዎች መሣሪያቸው የተበላሸ የሚመስል ነገር አዩ። ከረጅሙ የክረምት ጨለማ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ አየሩ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ደጋግሞ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ያ ሁሉ ወራት የሚንሳፈፍ የተባለ ጋዝ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። መሣሪያው ደህና ነበር። በበረዶው ላይ ከተከማቸ የባሕር ጨው የወጣው ብሮሚን ብርሃን ሲያገኝ ሜርኩሪውን እያወረደው ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል መሰላችሁ? አየር ይስብና በንጹህ ወርቅ ላይ ያሳልፈዋል። ሜርኩሪው ወርቁ ላይ ይቀራል። ከዚያ ወርቁ ይሞቅና የያዘውን ይለቃል፤ የተለቀቀው በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ይለካል። ሁለት የወርቅ ማጥመጃ ስላለው አንዱ ሲሰበስብ ሌላው ይለካል፤ አምስት ደቂቃ በአምስት ደቂቃ። ፋራዴይ ሁለት ወር የጠበቀውን ማለት ነው። እዚያ በረዶ መሃል፣ ከ170 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ መረጃው የተገኘው ወርቅን በማጥመጃነት በተጠቀመው በእሱው ዘዴ ነው።

ይህን ሁሉ ሜርኩሪ ወደ አየር የሚያወጣው ማን ነው ካላችሁ፣ ወርቅና ሜርኩሪ አሁንም አልተለያዩም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2018 ባወጣው ግምት በ2015 የሰው ልጅ ወደ 2,220 ቶን ሜርኩሪ ወደ አየር ለቋል። ከዚያ 38 በመቶ ያህሉ የአነስተኛና ባህላዊ ወርቅ ማውጣት ነው፤ የድንጋይ ከሰል ማቃጠል 21 በመቶ። ወርቅ አውጪው አሸዋው ላይ ሜርኩሪ ይጨምራል፣ ሜርኩሪው ደቃቁን ወርቅ ይለቅማል፣ ነጭ ድቡልቡል ይሆናል። ድቡልቡሉ እሳት ላይ ሲወጣ ሜርኩሪው ይተንና ወርቁ ይቀራል። የፋራዴይ ጠርሙስ ተገለበጠች ማለት ነው። ተኑን መጀመሪያ የሚስበው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሚስቱና ልጆቹ።

አንድ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። ወደ ምድርና ወደ ባሕር የወረደው ሜርኩሪ ሁሉ እዚያው አይቀርም። የተወሰነው ተመልሶ ይተናል። በዓመት ወደ አየር ከሚገባው ከግማሽ በላይ የሆነው እንዲህ ያለ፣ ቀድሞ ወርዶ እንደገና የተነሣ ነው። የድንጋይ ከሰል ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ የፋራዴይ ለንደን ደግሞ ከሰል ስታጨስ የምትውል ከተማ ነበረች። ከዚያ ጭስ የወጣው ዛሬም ከባሕር ወደ አየር፣ ከአየር ወደ አፈር እየተመላለሰ ይሆናል።

ፋራዴይ ከጠርሙሷ በኋላ ያደረገውን መማሪያ መጽሐፋችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። በ1825 ቤንዚንን ከዘይት ጋዝ ዝቃጭ ለየ (የመኪናውን ቤንዚን አይደለም፣ ኬሚስቶች በዚህ ስም የሚጠሩትን)፤ በ1831 ጄኔሬተሩን የወለደውን ግኝት አገኘ፤ ለወጣቶች የገና ሰሞን ትምህርቶች 19 ዓመት ራሱ አስተማረ። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ የቀጠለው ነው።

ወደ 1840 ሲጠጋ ሰውየው ተሰበረ። ራሱን ያዞረዋል፣ ያመዋል፣ ይረሳል። ምርምሩን አቁሞ በ1841 ወራትን በስዊዘርላንድ ተራሮች እየተራመደ አሳለፈ። በኋላ ተመልሶ በ1845 ማግኔት ብርሃንን እንደሚነካ እስኪያሳይ ድረስ አገገመ፤ ማስታወሱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ለወዳጆቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለዚህ ያዝናል፤ ቃል ይጠፋበታል፣ የሰራውን ሙከራ ይረሳዋል። መድኃኒቱ ማስታወሻው ነበር። በየቀኑ የሚሠራውን በቁጥር በቁጥር እየከፈለ ይጽፋል፤ በ1862 ሲያቆም ቁጥሩ ከ16,000 አልፏል።

ሜርኩሪው ነው የጎዳው? ብዙዎች ይጠረጥራሉ። የሚያጠራጥር ነገርም አለ፤ መርሳት፣ ማዞር፣ ራስ ምታት የሜርኩሪ ተን ለረጅም ጊዜ የሚስብ ሰው ምልክቶች ናቸው። ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ስቶክ በ1926፣ ፋራዴይ ከሞተ ከ59 ዓመት በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት ማስታወሱን የነጠቀውና ራሱን ያሳመመው በላቦራቶሪው ያለው የሜርኩሪ ተን መሆኑን በራሱ ላይ ደርሶበት ለባልደረቦቹ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። የፋራዴይን ጉዳይ ግን እኔ አልፈርድም። ያ ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ያላረፈ ሰው ነው፤ ክሎሪን ስቧል፣ ፍንዳታ ዓይኑን ጎድቶታል። አንድ ሕመም ብዙ አባት ሊኖረው ይችላል። ደግሞም የሜርኩሪን ተን በክፍል ሙቀት ያየው እሱ ሆኖ ሳለ፣ መተንፈሱ ይጎዳኛል ብሎ ክፍሉን አለመቀየሩ ይገርመኛል።

ስለ ብክለት ግን ግድ አልነበረውም ማለት አይቻልም። በጁላይ 1855 በእንፋሎት ጀልባ በቴምስ ወንዝ ላይ ሲሄድ ውኃው ጠቁሮና ገምቶ አየው። ከኪሱ ነጭ ካርዶች አውጥቶ ቀደደ፤ ቶሎ እንዲሰምጡ አርጥቦ በየወደቡ ጣላቸው። ከላይ ፀሐይ እያለ፣ አንድ ኢንች እንኳ ሳይወርዱ ከዓይን ጠፉ። ይህንኑ ለታይምስ ጋዜጣ ጻፈ፤ የሚመለከታቸውን ወቀሰ። አንድ የቀልድ መጽሔት ፋራዴይ አፍንጫውን ይዞ ለቆሸሸው የወንዝ ሽማግሌ ካርድ ሲሰጥ ሳለው። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1858 ሽታው ፓርላማውን ራሱን አላስቀምጥ አለ፤ ያኔ ነው የፍሳሽ ቦዮች ግንባታ ገንዘብ የተገኘው።

ባላባትነት ሲሰጡት እምቢ አለ። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሁን ሲሉትም ሁለቴ እምቢ አለ። ከ1858 ጀምሮ ንግሥት ቪክቶሪያ የሰጠችው ሃምፕተን ኮርት ያለ ቤት ነበረው። መጨረሻ ላይ ብዙ አይናገርም፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ሣራ ነበረች የምትንከባከበው። ኦገስት 25 ቀን 1867 ሞተ። ትላልቅ ሰዎች በሚቀበሩበት ዌስትሚንስተር ሳይሆን ሃይጌት መካነ መቃብር ተቀበረ፤ ምኞቱ ያ ነበር። ድንጋዩ ላይ ስሙ፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን አለ።

የሠራበት ቤት በለንደን አልበማርል ጎዳና አሁንም አለ። ምድር ቤቱ ሙዚየም ሆኗል፣ የድሮ ላቦራቶሪው ቦታም ይታያል። እንግሊዝ ያላችሁ ጎብኙት፤ አዳራሹ ውስጥ በገና ሰሞን ለወጣቶች የሚሰጠው ትምህርት እስካሁን ይቀጥላል።